አሉም ድንጋይና የምላጭ ጭረት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምላጭ የሚይዝ ሰው ሁሉ አንድ ቀን መቆረጡ አይቀርም። አገጭ ሥር፣ ጉሮሮ አካባቢ፣ ወይም የላይኛው ከንፈር ጠርዝ ላይ። ቁስሉ ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም፤ ደሙ ግን የሸሚዝ ኮሌታ ለማበላሸት ይበቃል። ለዚህ አሉም ድንጋይ ጥሩ መላ ነው። ዋጋው ቀላል ነው፣ ቶሎ አያልቅም፣ ሥራውንም በትክክል ይሠራል። አጠቃቀሙ ላይ ግን መታረም ያለባቸው ነገሮች አሉ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ አንድ ድንጋይ ለብዙ ሰው ፊት ማገልገሉ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ከታች ረዘም አድርጌ ጽፌያለሁ፤ ሌላውን ዘላችሁ እሱን ብቻ ብታነቡም ደስ ይለኛል።

አሉም ድንጋይ ምንድን ነው?

ነጭ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ የማዕድን ጨው ነው። የኬሚስትሪ ስሙ ፖታሲየም አሉሚኒየም ሰልፌት ነው። ሽታ የለውም። ውሃ ሲነካው ላዩ በጥቂቱ ይሟሟል፤ ቆዳችን ላይ የሚቀረውም ያ የሟሟው ስስ ሽፋን ነው። ለመላጫ ተብሎ የሚሸጠው ጠርዙ እንዳይቧጭር ተደርጎ ተለስልሶ፣ በእጅ ለመያዝ የሚመች ሆኖ ነው። አረብ አገር የኖሩ ወገኖቻችን «ሻብ» ወይም «ሻባ» በሚለው ስሙ ያውቁታል። ብዙዎቹ ለብብት ሽታ ይጠቀሙበታል። ያው ድንጋይ ነው።

ደሙን እንዴት ነው የሚያቆመው?

በሁለት መንገድ። አንደኛ፣ ደም ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ያረጋዋል። አሉሚኒየሙ ከፕሮቲኑ ጋር ይጣበቃል፤ የረጋው ነገር ደግሞ የተቆረጠችውን ቦታ ይደፍናል። ሁለተኛ፣ ቆዳውን ያኮማትራል። የላይኛው ቆዳ ሲኮማተር የተቆረጡት ደቃቅ የደም ሥሮችም ይጠባሉ።

ሥራው ግን ላይ ላዩን ነው። ከደቃቅ ሥር የሚንጠባጠብ ደም ያቆማል። ከተለቅ ያለ ሥር የሚወጣ ደም ግን ኃይል ስላለው ያቺን ስስ መድፈኛ ገፍቷት ይወጣል። ስለዚህ አሉም ጥልቅ ቁስል ላይ አይሠራም የሚባለው ለጥንቃቄ ያህል ብቻ አይደለም። በእርግጥም አይሠራም።

አንዳንዶች «ይህቺን የምታህል ጭረት ለምን እንዲህ ትደማለች?» ብለው ይደነግጣሉ። ፊታችን በደቃቅ የደም ሥሮች የተሞላ ነው። በሙቅ ውሃ ታጥበን ስንላጭ ደግሞ ሥሮቹ ይሰፋሉ። ብዙ ደም ስላያችሁ ብቻ ቁስሉ ከባድ ነው ማለት አይደለም።

በትክክል እንዴት ልጠቀምበት?

መጀመሪያ መላጨቱን ጨርሱ። ደም ባያችሁበት ቅጽበት ምላጩን ጥላችሁ ወደ ድንጋዩ አትሩጡ። ጭረቷን አልፋችሁ የቀረውን ቀስ ብላችሁ ላጩ፤ በዚያች ቦታ ላይ ግን ምላጩን ደግማችሁ አትመልሱት።

ከዚያ ፊታችሁን በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ ታጠቡ። አረፋ ወይም ሳሙና ከቀረ አሉሙ ሥራውን በደንብ አይሠራም፤ ሳሙና ከአሉም ጋር ሲገናኝ ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራልና። ቀዝቃዛው ውሃ ራሱ የደም ሥሮቹን ስለሚያጠብ ግማሹን ሥራ ይሠራላችኋል።

አሁን ድንጋዩን በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቡት። የጭረቷ ቦታ ላይ አስቀምጡትና በቀስታ ተጫኑ። አትፈትጉ፤ መፈተግ የረጋውን ደም መልሶ ያነሳዋል። ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ያህል ያዙትና አንሱ። ደሙ አሁንም ብቅ ካለ ቦታውን በንጹሕ ሶፍት አድርቁና አንዴ ድገሙ። ሁለት ጊዜ ተደርጎም ካላቆመ ድንጋዩን ተዉትና በሶፍት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ወደ መጫን እለፉ።

ደሙ ሲቆም አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ከዚያ የፊታችሁን አሉም በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ። ብዙ ሰው ይህንን ይዘለዋል። አሉም ቆዳ ላይ ደርቆ ሲቆይ ያሳክካል፣ ቆዳውንም ያደርቀዋል። በውሃ ስታለቀልቁ ጭረቷን አትሹ፤ ውሃውን ረጨት ረጨት አድርጉበት ይበቃል። ፎጣውንም መታ መታ እያደረጋችሁ አድርቁ። በመጨረሻ ሽቶ የሌለው ቅባት ወይም ስስ ቫዝሊን ተቀቡ። ቁስል ርጥበት ሲያገኝ ቶሎ ይድናል።

ያላቆሰላችሁት ቀን እንኳ ድንጋዩን ሙሉ ፊት ላይ ማዳረስ ይቻላል። በተለይ ጀማሪዎችን ይህንን እመክራቸዋለሁ። ምላጩን ከመጠን በላይ የተጫናችሁበት ቦታ ላይ ያቃጥላችኋል፣ በቀስታ ያለፋችሁበት ላይ ዝም ይላል። በሚቀጥለው ቀን የት ላይ እጃችሁን ማለዘብ እንዳለባችሁ በዚያው ታውቃላችሁ።

ያቃጥላል። ጉዳት እያደረሰብኝ ነው ማለት ነው?

አይደለም። አሉም በውሃ ሲሟሟ አሲድነት አለው፤ የተላጠ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላል። ቃጠሎው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መብረድ አለበት። ካለቀለቃችሁት በኋላም ለረጅም ጊዜ የሚያቃጥል፣ ቆዳውን የሚያቀላ ወይም የሚያሳብጥ ከሆነ ግን ለእናንተ አይሆንም፤ አቁሙት። ችፌ ያለበት፣ የተቃጠለ ወይም የተቆጣ ቆዳ ላይም አይደረግም።

ትንሽ ጭረት የሚባለው የቱ ነው? ሐኪም ጋ የምሄደውስ መቼ ነው?

አሉም የሚሆነው ላይ ላዩን ለተፋቀች፣ ጠርዞቿ ተገጣጥመው ላሉ ጭረት ነው። የቁስሉ አፍ ከተከፈተ፣ ውስጡ ከታየ፣ ወይም ደሙ ምት እየጠበቀ ከወጣ አሉም ቦታው አይደለም። ንጹሕ ጨርቅ ደርባችሁ ጫን አድርጉና ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ሳታቋርጡ 15 ደቂቃ ያህል ተጭናችሁ ያላቆመ ደምም እንዲሁ መታየት አለበት።

ከቀናት በኋላም ቁስሉን ተከታተሉት። እየቀላ ከሰፋ፣ ከሞቀ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም ትኩሳት ካመጣ ኢንፌክሽን ገብቶበታል። በአሉም አታክሙት።

ፀጉር አስተካካዬ የቤቱን ድንጋይ አርጥቦ ፊቴ ላይ ያሸዋል። ችግር አለው?

አለው። እባካችሁ አትፍቀዱ።

ድንጋዩ የሚነካው የሚደማ ቆዳ ነው። ያ ድንጋይ ከእናንተ በፊት የሌላ ሰው የሚደማ ቆዳ ነክቷል፤ ከእናንተ በኋላም ሌላው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። በደም የሚተላለፉ በሽታዎች አሉ። ኤችአይቪን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ምላጭ በጋራ አለመጠቀምን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተን ስላደግን ዛሬ አዲስ ምላጭ ሳይከፈትልን አንላጭም። ጥሩ ልማድ ነው። ግን አዲሱን ምላጭ ከወረቀቱ ሲያወጣ ዐይናችን እያየ፣ ትንሽ ቆይቶ የጋራውን ድንጋይ የተቆረጠው ቦታ ላይ ሲያደርገው ዝም እንላለን።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሄፓታይተስ ቢ ነው፤ ሰዉ በተለምዶ «የጉበት ቫይረስ» የሚለው። ይህ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ላይ እንኳ፣ ቢያንስ ለ7 ቀናት የመተላለፍ አቅሙን ይዞ ሊቆይ ይችላል። በዐይን የማይታይ የደም ምልክትም ይበቃዋል። ብዙ ተሸካሚዎች ምንም ስሜት ስለሌላቸው መያዛቸውን አያውቁም፤ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውም ሆነ አስተካካዩ ማንን መጠንቀቅ እንዳለበት ሊያውቅ አይችልም። በኢትዮጵያ የዚህ በሽታ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2007) ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ፣ ማለትም ዛሬ ጺም ከሚላጨው ሰው አብዛኛው፣ በልጅነቱ ይህን ክትባት አላገኘም። ተመርምሮ ነጻ የሆነ አዋቂ ክትባቱን መከተብ ይችላል። ጤና ተቋም ስትሄዱ ጠይቁ።

በአንድ ድንጋይ አንዴ በመነካት የመያዝ ዕድሉ ትልቅ ነው እያልኩ አይደለም። ግን መቀነስ የሚቻለው ያለ ምንም ወጪ፣ በአንድ ቃል ነው። በአሜሪካ የፀጉር አስተካካዮች የንጽሕና ደንብ በብዙ ክፍለ ግዛቶች የጋራ አሉም ድንጋይና ከታች የማብራራውን የደም ማቆሚያ እርሳስ መጠቀምን ይከለክላል። ደም ማቆሚያው በዱቄት ወይም በፈሳሽ መልክ፣ አንዴ ተጠቅመው በሚጥሉት ጥጥ ነው መደረግ ያለበት። እዚያ ፀጉር ቤት የከፈቱ ወገኖቻችን ይህንን ያውቁታል። አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር ቫይረሱ ያው ነው።

ለአስተካካዩ እንዴት ልንገረው? እንዳይቀየመኝ እፈራለሁ።

አይቀየምም። «ወንድሜ፣ ድንጋዩ ይቅርብኝ፤ በሶፍት ያዝልኝ» ማለት በቂ ነው። ቋሚ ደንበኛ ከሆናችሁ ትንሽ ድንጋይ ገዝታችሁ በኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ወይም መላጨት ሳይጀምር ንገሩት፤ ደም እየፈሰሰ ከመከራከር ይቀላል።

አስተካካይ ከሆናችሁ ደግሞ፦ ድንጋዩን ከመደርደሪያው አንሱት። የአሉም ዱቄት በትንሽ ዕቃ ያዙ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ በንጹሕ ማንኪያ ጥቂት አውጡና፣ በረጠበ አዲስ ጥጥ ነክታችሁ አድርጉለት፤ ጥጡን ጣሉት። የተነካ ጥጥ ወደ ዱቄቱ ዕቃ ተመልሶ አይገባም። በክብሪት እንጨት ቅርፅ ተሠርተው አንዴ ተጠቅመው የሚጣሉም አሉ። የእናንተም እጅ ደም ይነካል፤ ጓንት አድርጉ፣ ክትባቱንም ተከተቡ። በቀን ስንት ሰው እንደምትላጩ አስቡት፤ ከደንበኛው ይልቅ የምትጋለጡት እናንተ ናችሁ።

ድንጋዩ በውሃ ቢታጠብ ወይም አልኮል ቢረጭበት አይበቃም?

አይበቃም። አሉም ሲሟሟ ላዩ ይሸረሸራል፣ ስንጥቅ ይፈጥራል፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ደም በርጭት አይወጣም። አፍልቶ ማጽዳትም አይቻልም። ድንጋዩ በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥ፣ በፈላ ውሃም ስለሚሟሟ ዕቃው ራሱ ይጠፋል። ብረት መቀስ የሚጸዳበት መንገድ ለዚህ አይሆንም።

ከባለቤቴ ወይም ከወንድሜ ጋር ብጋራውስ?

አትጋሩ። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ እንደማትጋሩት ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት የሚላጩ ካሉ ሁለት ድንጋይ ይግዙ፣ ወይም አንዱን በመዶሻ ለሁለት ይክፈሉት። ሹል ጠርዙን ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በጣት ብታሹት ይለሰልሳል።

አሉም ጀርም ይገድላል? አልኮል መቀባቴን ልተው?

አሲድነት ስላለውና ቆዳውን ስለሚያደርቅ ለአንዳንድ ባክቴሪያዎች አይመችም። መድኃኒት ግን አይደለም፤ ቫይረስንም ያጠፋል ብላችሁ አትመኑበት። ጭረትን የሚያጸዳው ንጹሕ ውሃና ሳሙና ነው። አልኮልን በተመለከተ፣ አስተካካዮች በጥጥ ነክረው ፊት ላይ የሚያደርጉት ልማድ ቆዳን ያቃጥላል፣ ያደርቃል፣ የቁስሉንም መዳን ያዘገያል። አሉም ተጠቅማችሁ አልኮል መደረብ ቆዳችሁን ሁለት ጊዜ መቅጣት ነው። አልኮሉ መሣሪያውን ለማጽዳት ይሁን።

እቤት ውስጥ ቡና ዱቄት ነው የሚደረገው። እሱስ?

ቡና የብዙዎቻችን ቤት የመጀመሪያ ርዳታ ነው። እናቶቻችን ልጅ ሲደማባቸው ቡና የነሰነሱት ካጠገባቸው የነበረው እሱ ስለነበር ነው። ዱቄቱ ደሙን ይመጥጣል፣ ስለዚህም ያቆመ ይመስላል። ነገር ግን የቡና ዱቄት ንጹሕ ነገር አይደለም። ደቃቁ ክፍል ቁስል ውስጥ ይቀራል፤ ሐኪም ሲያየውም ለማጽዳት ያስቸግራል። አመድና አፈር ደግሞ ከዚህ የባሱ ናቸው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ጀርም አፈር ውስጥ ይኖራልና። የጥርስ ሳሙናም ቦታው አይደለም። ንጹሕ ጨርቅና ትዕግሥት ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣሉ።

የደም ማቆሚያ እርሳስ የሚባለው ከድንጋዩ ይለያል?

ይለያል። እርሳሱ ትንሽ፣ ነጭና ብርሃን የማያሳልፍ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከአሉሚኒየም ሰልፌት ሲሆን ከድንጋዩ ይበልጥ ኃይለኛ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ለሚሸጠው እርሳስ ከ46 እስከ 63 በመቶ አሉሚኒየም ሰልፌት እንዲይዝ ፈቅዷል፤ የተፈቀደለት አገልግሎትም ስንላጭ ለሚያጋጥም ላይ ላዩን ለሆነ ጭረት ነው። ጫፉን አርጥባችሁ ነጥቧን ብቻ ትነካላችሁ፤ ፊት ሙሉ አይቀባም። የሚደማውን ቦታ ለይታችሁ ካወቃችሁ እርሳሱ ፈጣን ነው። ፊታችሁ በየቦታው ጭርጭር ብሎ ከሆነ ድንጋዩ ይሻላል።

ጥንቃቄ፦ ብር ናይትሬት የያዘ እርሳስም አለ። ሐኪሞች ሥጋ ለማቃጠል የሚጠቀሙበት ነው፤ ቆዳን ያጠቁራል። ለመላጫ አይሆንም። ሳጥኑን ሳታነቡ አትግዙ።

ከተላጨሁ በኋላ አንገቴ ላይ ብጉር ይወጣል። አሉም ያጠፋልኛል?

አሉም ለጊዜው ያረጋጋል እንጂ ምክንያቱን አይነካም። እኛ ጋ ብዙ ሰው ጥቅልል ጸጉር አለው። ጥቅልል ጺም በጣም ከቆዳ ሥር ተላጭቶ ሲያድግ ጫፉ ተመልሶ ወደ ቆዳው ይገባል። ቆዳውም እንደ ባዕድ ነገር ይቆጥረውና ያብጣል፣ ብጉር ይሆናል፣ ጥቁር ነጥብ ጥሎ ይሄዳል። አንገትና መንጋጋ ሥር የሚበዛውም ለዚህ ነው።

የሚረዳው አላጨጩን መለወጥ ነው። ባለ ብዙ ስለት ምላጭ ጸጉሩን ስቦ ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል፤ ባለ አንድ ስለቱ የተሻለ ነው። ጺሙ በሚተኛበት አቅጣጫ ላጩ፤ ሽቅብ አትላጩ። ቆዳውን በጣት ወጥራችሁ አትያዙ። ከሁሉ የሚሻለው በቶንዶስ ጥቂት አስቀርቶ ማሳጠር ነው። ብጉሩን አትጭመቁ፣ በመርፌም አትውጉ። ጠባሳው እየተነሣ የሚያድግባችሁ ከሆነ፣ ማለትም ኬሎይድ ካላችሁ፣ የቆዳ ሐኪም ሳታማክሩ በምላጭ አትላጩ።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት እወስዳለሁ። ልጠቀምበት?

ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል፣ አስፕሪን ወይም ተመሳሳይ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ትንሽ ጭረትም ረዘም ላለ ጊዜ ይደማል። አሉሙን መጠቀም ትችላላችሁ፤ ከእሱ ጋር ግን ረዘም አድርጎ መጫን ያስፈልጋል። መድኃኒቱን ስለደማችሁ ብላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ፤ ይህ ከጭረቱ ብዙ እጥፍ የሚከፋ አደጋ ነው። የሚሻለው ምላጩን ትቶ በኤሌክትሪክ መላጫ መላጨት ነው። ደማቸው በተፈጥሮ ለማይረጋ ሰዎችም ምክሬ ይኸው ነው።

ስኳር ያለባቸው ወገኖች ፊታቸው ላይ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። እግራቸው ላይ ያለ ቁስል ግን፣ ትንሽም ቢሆን፣ በድንጋይ የሚታለፍ አይደለም፤ ይታይ።

ሴቶችስ? ለእግርና ለብብት ይሆናል?

ይሆናል፤ አጠቃቀሙም ያው ነው። ብብት ሲላጭ ቆዳው ስስ ስለሆነ ይበልጥ ያቃጥላል። ለብብት ሽታ የምትጠቀሙበት ከሆነ የላጫችሁበትን ቀን ዝለሉት።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ በሹክሹክታ የሚሰጥ ምክር ብዙ እህቶችን ስለሚጎዳ። አሉም ብልት ውስጥ አይገባም። «ያጠባል» እየተባለ የሚነገረው የውስጡን ስስ ቆዳ ማድረቅና ማቃጠል ነው። የቆሰለ ስስ ቆዳ ደግሞ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። አፍ፣ አፍንጫና ዐይን ውስጥም እንዲሁ። ዐይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ታጠቡ፤ ካልተሻለ ወደ ሐኪም።

ቆዳ ያቀላል የሚባለውም እውነት አይደለም።

አሉሚኒየም ስላለው ካንሰር ያመጣል ይባላል።

በቆዳ ላይ የሚደረግ አሉሚኒየም ካንሰር ያመጣል የሚል አሳማኝ ማስረጃ የለም። በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት የሚገባውም እጅግ ጥቂት ነው። ከፍተኛ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግን አሉሚኒየምን ከሰውነታቸው ማስወጣት ስለሚያቅታቸው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው። ጥንታዊ ግብፃውያን ከምዕራቡ በረሃ አውጥተው ይጠቀሙበት ነበር። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ከአሁኗ ቱርክ ትገዛው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1460ዎቹ ሮም አጠገብ ቶልፋ በሚባል ቦታ ሲገኝ የጳጳሱ መንግሥት ትልቅ የገቢ ምንጭ አደረገው። ይፈለግ የነበረው በዋናነት ለጨርቅ ማቅለሚያ ነው። ቀለሙን ከክሩ ጋር ያጣብቃልና። ድፍርስ ውሃም የሚጠራው በአሉም ነው፤ ጭቃውን ሰብስቦ ያዘቅጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1926 እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ግሌኒ የዲፍቴሪያ ክትባት ላይ አሉም ሲጨምርበት ክትባቱ ይበልጥ እንደሚሠራ አገኘ፤ የአሉሚኒየም ጨዎች እስከ ዛሬ በብዙ ክትባቶች ውስጥ አሉ። አገጫችን ላይ ደም የሚያረጋው ያው ከሌላ ነገር ጋር የመጣበቅ ጠባዩ ነው።

የት ይገኛል? ስገዛ ምን ልይ?

የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ፣ ፋርማሲና የፀጉር ቤት ዕቃ መሸጫ ጠይቁ። ውጭ አገር ላላችሁ፣ የአረብ ሱቅ ውስጥ «ሻባ»፣ የቱርክ ሱቅ ውስጥ «ሻፕ»፣ የሕንድ ሱቅ ውስጥ «ፊትካሪ» ካላችሁ ይሰጧችኋል። ለመላጫ የተዘጋጀው ትንሽ ይወደዳል፤ ጠርዙ ስለተለሰለሰ ግን ዋጋው ይገባዋል። ላዩ ያልተሰነጠቀ፣ ሽታና ቀለም የሌለው ይሁን። ለውሃ ማጣሪያ በጆንያ የሚሸጠውን ለፊታችሁ አትጠቀሙ፤ ለቆዳ ተብሎ አልተጣራም።

ለጉዞም ይመቻል። ጠጣር ስለሆነ አውሮፕላን ላይ በፈሳሽ ላይ ያለው የ100 ሚሊ ሊትር ገደብ አይነካውም።

እንዴት ላስቀምጠው?

ስትጨርሱ አለቅልቁት፣ አድርቁት፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ አኑሩት። ውሃ በያዘ የሳሙና ማስቀመጫ ከተዋችሁት እየሟሟ ያልቃል። ብረት ላይ አታስቀምጡት፣ ምላጫችሁንም አያስነኩት፤ ያዝገዋል። እንዳይወድቅ ተጠንቀቁ፤ ይሰበራል፣ ስባሪውም ስለታም ነው። በደንብ ከተያዘ አንድ ድንጋይ ለአንድ ሰው ከዓመት በላይ ያገለግላል። ሕፃናት ስኳር መስሏቸው እንዳይልሱት ከፍ ያለ ቦታ ይሁን።

አሉም በእጄ ባይኖርስ?

ንጹሕ ሶፍት አጥፉ፣ ጭረቷ ላይ አድርጉ፣ ጫን ብላችሁ 5 ደቂቃ ያዙ። ሰዓት ተመልከቱ፤ ያለ ሰዓት አንድ ደቂቃ አምስት ይመስላል። በመሃል አንስታችሁ «ቆመ ወይ?» እያላችሁ አትዩ፤ ባነሳችሁ ቁጥር የረጋው ይላቀቅና እንደ አዲስ ይጀምራል። ፍሪጅ ካለ በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ መያዝም ይረዳል። ደሙ ቆሞ ሶፍቱ ከተጣበቀ አትንጩት። በውሃ አርጥቡት፣ ራሱ ይለቃል።